ፈጥኖ የቆመ ሥልጣን ስለ ምን ፈጥኖ ይፈርሳል?
ባሌና የኢማም አሕመድ ዘመን
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



መንግሥትን ማቆም ታላቅ ሥራ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን የቀደመውን ታሪክ አስተውሎ ለሚመረምር ሰው፤ መንግሥትን ከማቆም ይልቅ የቆመውን ማጽናት እጅግ የከበደ ሆኖ ይታየዋል። በዓለም ላይ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጉ፤ ጠላታቸውን ሁሉ ያንበረከኩ፤ ዳሩ ግን የመሥራቻቸው ዐይን እንደ ተከደነ ወይም ከዚያም አስቀድሞ እንደ ጧት ጤዛ የጠፉ መንግሥታት ጥቂቶች አይደሉም። እነዚህ መንግሥታት የወደቁት ጉልበት አጥተው ነውን? ወይስ ከጉልበት ሌላ የጐደላቸው ነገር ነበር? የዛሬው ንግግራችን ይህን ጥያቄ ይመለከታል።

ለጥያቄው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የባሌ ደጋ፤ ሮቤና ጎባ የተቈረቈሩበት ምድር፤ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የዚህ ዐይነቱ ሥልጣን ሲወጣም ሲወርድም ያየ አገር ነው። በመካከሉ ለማነጻጸር ያህል የጥንቱን የቻይና መንግሥት አንድ ምዕራፍ እንጨምራለን። የአገራችንን ታሪክ በአገራችን አቈጣጠር፤ የቻይናውን ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው ቍጥር እንጠራለን።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት እንናገር። ከሮቤ ሜዳ ተነሥቶ በጎባ በኩል ወደ ሰነቴ አምባ የሚወጣ መንገደኛ፤ የስንዴና የገብሱን እርሻ ትቶ፤ የአስታውን ቍጥቋጦ አልፎ፤ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ውርጭማ ሜዳ ይደርሳል። በዚያ ላይ የቆመው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው። ከተራራው በስተ ደቡብ የሐረና ደን ቍልቍል ይወርዳል። ከእነዚህ ከፍታዎች የሚፈልቁት ውሆች ወደ ወይብ፤ ወደ ገናሌና ወደ ዋቤ ሸበሌ እየወረዱ የቆላውን ሕዝብና ከብት ያጠጣሉ። ደጋው እህል፤ ቆላው ከብትና ጨው፤ በመካከሉም የንግድ መንገድ ያለው አገር ስለ ሆነ፤ ኀይል የያዘ ሁሉ ባሌን ለማግኘት መመኘቱ አያስደንቅም።

የጥንቱ ባሌ ወሰን ከዛሬው ጋር አንድ ነው ማለት ግን አይቻልም። በ14ኛው መቶ ዓመት በካይሮ ይኖር የነበረው የዐረብ ጸሓፊ አል ዑመሪ፤ ከኢትዮጵያ መጥተው ካነጋገሯቸው ሰዎች የሰማውን ሲጽፍ፤ በኢትዮጵያ ሰባት የእስልምና መንግሥታት እንዳሉ ይናገራል። እነዚህም ይፋት፤ ደዋሮ፤ አራባብኒ፤ ሐድያ፤ ሻርኻ፤ ባሌና ዳራ ናቸው። ስለ ባሌ ሲናገር ርዝመቱ የ20 ቀን፤ ስፋቱም የ6 ቀን መንገድ እንደ ሆነ፤ 18,000 ፈረሰኛ እንደሚያሰልፍ፤ ምድሩም ከሌሎቹ የለመለመ፤ አየሩም የተስማማ መሆኑን ይገልጻል። ገበያውም በገንዘብ ሳይሆን ከብትን በጨርቅ፤ በግን በእህል በመለወጥ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅም አንድ ቃል አል ዑመሪ ትቶልናል። በዚያን ጊዜ በባሌ የሚገዛው ሰው ከቀድሞው ነጋሢ ቤት የተወለደ አልነበረም። ለዐምሐራው ንጉሥ ታምኖና ተወዳጅቶ ሹመቱን ከእርሱ የተቀበለ ሰው ነበረ። ጊዜው ዐፄ ዐምደ ጽዮን የይፋትንና የአካባቢውን መንግሥታት ያስገበሩበት፤ ከ1306 እስከ 1336 ዓ. ም. ድረስ ያለው ዘመን ነው። እንግዲህ ባሌ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥልጣን ከውጭ የሚመጣበት አገር ሆነ ማለት ነው። የሚሾመው ሩቅ ነው፤ የሚገብረው ቅርብ ነው። ሹሙም ከሕዝቡ ይልቅ ሿሚውን ማስደሰት ይቀለዋል። አበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» ያሉት እንዲህ ያለው ሹመት የሚያመጣውን ጠባይ አይተው ነው። ይህ ተረት እንደ ቀልድ ይነገራል እንጂ ለመንግሥት ትልቅ ደዌ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንግባ።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በምሥራቅ የአዳል መንግሥት በእርስ በርስ ሽኩቻ ተዳክሞ ነበር። ሱልጣን አቡ በክር መቀመጫውን በ1512 ዓ. ም. ወደ ሐረር አዛወረ። ገራድ አቡን የሚባለው መሪ ከእርሱ ጋር ተጣልቶ ተገደለ። በገራድ አቡን ሥር ያገለግሉ ከነበሩት ጐልማሶች አንዱ አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ይባሉ ነበር። እኒህ ሰው በሕዝብ አፍ ግራኝ በሚል ስም የሚታወቁት፤ ኋላም ኢማም የተባሉት ናቸው። የነጋሢ ልጅ አልነበሩም። ጉልበታቸው ከዘር ሐረግ ሳይሆን ከሰይፋቸውና ከእምነታቸው የመጣ ነበር። አቡ በክርን ድል አድርገው ከገደሉ በኋላ የሱልጣንነቱን ወንበር ለዑመር ዲን ሰጥተው፤ እርሳቸው በኢማምነት ስም እውነተኛውን ሥልጣን ያዙ። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራም፤ በ1509 ዓ. ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ጦር የተገደለው የስመ ጥሩው የማሕፉዝ ልጅ ነበረች።

በ1519 ዓ. ም. ገደማ የንጉሡ የጦር አለቃ ደገልሃን ወደ አዳል ወርዶ በዘረፈ ጊዜ፤ ኢማሙ ተከትለው ድል አደረጉት። ከሁለት ዓመት በኋላ በመጋቢት ወር 1521 ዓ. ም. በሽምብራ ኩሬ ዐፄ ልብነ ድንግልን ገጠሙ። የንጉሡ ጦር በቍጥር እጅግ ይበልጥ ነበር። ቢሆንም ድሉ ለኢማሙ ሆነ። የተሻለ ሥነ ሥርዐት፤ ጥቂት የእሳት መሣሪያ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንድ ሰው ቃል የሚንቀሳቀስ ጦር ነበራቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በዚያ ቀን ተፈጸመ።

ሆኖም፤ አድማጮቼ፤ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከድሉ ይልቅ ከድሉ ማግስት የሆነውን ነው። የዘመቻው ታሪክ ጸሓፊ ሺሃብ አድ ዲን፤ ዐረብ ፈቂህ የተባለው፤ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ እንደሚያስረዳው፤ ኢማሙ በያዙት አገር መቀመጥ ሲፈልጉ አለቆቻቸውና ወታደሮቻቸው አልተስማሙም። አባቶቻቸው በጠረፍ እየወረሩ ምርኮ ይዘው ይመለሱ ነበር እንጂ በዚያ ደጋ የመስፈር ልማድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ያ ሁሉ ድል ተደርጎ ጦሩ ምርኮውን ይዞ ተበተነ፤ ኢማሙም ወደ ሐረር ለመመለስ ተገደዱ። በድሉ ቀን የነበረው አንድነት በክፍያው ቀን አልተገኘም። ምርኮ የሚመገብ ጦር ምርኮ እስካለ ድረስ ይከተላል፤ አገር ማስተዳደር ሲጀመር ግን ምርኮው ያልቃል፤ ግብርና ዳኝነት ይተካል። ይህን ለውጥ ማለፍ ለአዲስ ሥልጣን ሁሉ ጠባቡ በር ነው።

ኢማሙ ግን ተስፋ የሚቈርጡ ሰው አልነበሩም። በ1523 ዓ. ም. እንደገና ዘመቱ። በአንጾኪያ ድል አደረጉ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ በሚከተለው ዓመት መባቻ ላይ በአምባሰል ንጉሡ ራሳቸው ለጥቂት አመለጡ፤ የወሎው ውብ ቤተ ክርስቲያን መካነ ሥላሴም የእሳት ራት ሆነ። ከዚህ በኋላ ኢማሙ አለቆቻቸውን በየአገሩ ከፍለው ላኩ። ወደ ባሌ የተላከው ወዚር አዶሌ ነበር። በ1524 ዓ. ም. ገደማ ባሌ በአዶሌ እጅ ወደቀች፤ ደዋሮና ሐድያም እንዲሁ። ቀጥሎ ዐምሐራ፤ ላስታ፤ ትግራይ፤ በጌምድርና ጎጃም ተራ በተራ ተደፈሩ። ከሽምብራ ኩሬ ስድስት ዓመት ያህል ሳይቈይ፤ ኢማሙ ከባሌ ደጋ እስከ ትግራይ ድረስ የማይደርሱበት አገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ዐፄ ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ እየተሰደዱ፤ የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር ሞቶ፤ ሌላው ልጃቸው ሚናስ ተማርኮ፤ በመስከረም ወር 1533 ዓ. ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። ዙፋኑን የወረሱት ልጃቸው ገላውዴዎስ ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። በዚያች ሰዓት ይህን ሁሉ የሚመለከት ሰው፤ የአንዱ መንግሥት ጀንበር ጠልቃ የሌላው ወጣች ቢል አይፈረድበትም ነበር። ነገር ግን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ሁሉ ነገር ተገለበጠ።

ስለ ውድቀቱ ከመናገራችን በፊት፤ ቀደም ብለን ቃል እንደ ገባነው ወደ ቻይና ሻገር እንበል።

በቻይና አገር ሰባት መንግሥታት ለብዙ ዘመን እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ኖረው፤ በመጨረሻ ቺን የሚባለው የምዕራቡ መንግሥት ስድስቱን ጐረቤቶቹን አንድ በአንድ ውጦ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ዓመት አገሩን ሁሉ ጠቀለለ። ገዢውም ከንጉሥ የበለጠ ስም ፈልጎ «ሺ ኋንግ ዲ»፤ ማለትም የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት ተባለ። ይህ ሰው የሠራው ሥራ በእውነት የሚያስደንቅ ነው። አገሩን በ36 ጠቅላይ ግዛት ከፈለ፤ ጽሕፈቱን፤ ሚዛኑን፤ መስፈሪያውን፤ ገንዘቡን፤ የጋሪውን መንኰራኵር ስፋት እንኳ ሳይቀር አንድ አደረገ። በሰሜን ጠረፍ ታላቅ ግንብ አሠራ፤ መንገድ አስጠረገ። ለመቃብሩ የተቀበሩት በሺህ የሚቈጠሩ የሸክላ ወታደሮች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ዓ. ም. ጕድጓድ ሲቈፍሩ በነበሩ ገበሬዎች ተገኝተው ዓለምን ሁሉ አስገርመዋል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የተሠራው በአስጨናቂ ሕግና በግዴታ ሥራ ነበር። በ213 ዓመት በአማካሪው በሊ ሲ ምክር መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ ያለፈውን ዘመን እያነሣ ያሁኑን የሚነቅፍ በሞት እንዲቀጣ ታዘዘ። በ210 ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ አገር ሲጐበኝ በመንገድ ላይ ሞተ። ጃዎ ጋዎ የሚባለው ጃንደረባና ሊ ሲ ሞቱን ደበቁ፤ የሬሳው ሽታ እንዳይታወቅም በሠረገላው አጠገብ ዓሣ የጫነ ጋሪ አስከተሉ። የሐሰት ደብዳቤ ጽፈው ታላቁ ልጅ ፉሱ ራሱን እንዲገድል አደረጉ፤ ታናሹን ሁሃይን አነገሡ። በሚከተለው ዓመት ወደ ጠረፍ ይጓዙ የነበሩ 900 ምልምሎች ዝናብ መንገድ ዘጋባቸውና ከቀጠሮው ዘገዩ። ሕጉ የዘገየን በሞት ይቀጣል። መሪዎቻቸው ቸን ሸንግና ዉ ጓንግ፤ ብንሄድም ሞት ነው፤ ብናምፅም ሞት ነው ብለው ዐመፁ። እሳቱ በመላው አገር ተያያዘ። ጃዎ ጋዎ ሊ ሲን አስገደለ፤ ሁሃይንም ራሱን እንዲገድል አስገደደ። ሦስተኛው ገዢ ዚ ዪንግ ጃዎ ጋዎን ቢያስገድልም በዙፋኑ ላይ የቈየው 46 ቀን ብቻ ነበር። በ206 ዓመት እጁን ሰጠ፤ ብዙም ሳይቈይ ተገደለ፤ ዋና ከተማውም ተቃጠለች። ለዐሥር ሺህ ትውልድ ይኖራል የተባለው መንግሥት በዐሥራ አምስት ዓመት አለቀ።

ከሽምብራ ኩሬ እስከ ወይና ደጋ ያለው ዘመን ደግሞ ዐሥራ አራት ዓመት ነው። የሁለቱ አገሮች ጠባይ የተለያየ ነው፤ ቺን በጽሑፍና በሕግ የተደራጀ መንግሥት ነበረው፤ ኢማሙ ግን ለማደራጀት ጊዜ ያገኙት ጥቂት ነው። አወዳደቃቸው ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላል። በሁለቱም ዘንድ የመንግሥቱ ምሰሶ አንድ ሰው ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1533 ዓ. ም. በክሪስቶፎር ደ ጋማ የሚመሩ 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ከምጽዋ ተነሥተው ወደ ደጋው ወጡ፤ ከደብረ ዳሞ የወረደችው እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከእነርሱ ጋር ተጓዘች። መጀመሪያ ኢማሙ በነፍጥ ቈሰሉ። በኋላ ግን ከየመን ወገን 900 ያህል ነፍጠኞችና መድፎች አስመጥተው በ1534 ዓ. ም. መጨረሻ በወፍላ ድል አደረጉ፤ ደ ጋማም ተማርኮ ተገደለ። ከዚህ ድል በኋላ ኢማሙ አደጋው ያለፈ መስሏቸው ከመጡት ነፍጠኞች የሚበዙትን አሰናበቱ፤ ሁለት መቶ ያህል ብቻ አስቀሩ። ይህ የመጨረሻው ስሕተታቸው ሆነ። የተረፉት ፖርቱጋሎች ከወጣቱ ንጉሥ ከገላውዴዎስ ጋር ተገናኝተው ነበርና፤ በየካቲት ወር 1535 ዓ. ም. በወይና ደጋ ውጊያ ተደረገ፤ ኢማም አሕመድም በጥይት ተመትተው ወደቁ።

እዚህ ላይ የታሪኩ ፍሬ ይገኛል። ኢማሙ እንደ ወደቁ ጦሩ ሁሉ ተበተነ። ገና ብዙ ሺህ ሰው ነበር፤ ሁለተኛ ሰው ተነሥቶ «ወደ እኔ» ሊል ግን አልቻለም። ልጃቸው መሐመድ ተማረከ። ባቲ ድል ወንበራ በብዙ ጭንቅ ሐረር ገባች፤ እናቶች እናቶች ናቸውና ሁለቱ ወገኖች ኋላ ሚናስንና መሐመድን ተለዋወጡ። ከኢማሙ ጋር ሃይማኖታቸውን የለወጡ ሹማምንትና ባላባቶች ደግሞ በብዛት ወደ ቀድሞው ተመለሱ፤ የሚመለሱትን ለመቀበል «መጽሐፈ ቄደር» የተባለው ሥርዐት አገለገለ። በሰይፍ ፊት የተገኘ ታማኝነት ሰይፉ ሲነሣ አብሮ እንደሚነሣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ይሁን እንጂ በባሌ በኩል የኢማሙ ሥልጣን በወይና ደጋ ቀን አላለቀም። የወንድማቸው ልጅ ወዚር ዐባስ ባሌን፤ ደዋሮንና ፈጠጋርን ይዞ ቀረ። አገሩ ሰፊ ነው፤ ደጋውም ቆላውም በእጁ ነው፤ ጦርም ነበረው። የአጎቱን ፍራሽ ሰብስቦ አዲስ መንግሥት ለማቆም ከማንም የተሻለ ዕድል የገጠመው እርሱ ነበር ማለት ይቻላል። ሆኖም ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቈየ። ንጉሥ ገላውዴዎስ በ1537 ዓ. ም. ገደማ ዘምተው ድል አደረጉት፤ እርሱም በውጊያው ሞተ። ባሌ እንደገና ወደ ንጉሡ ተመለሰች። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፤ ከዚያም ባነሰ፤ በባሌ ደጋ የነበረ አንድ ገበሬ ለንጉሡ ሹም ገብሮ፤ ለአዶሌ ገብሮ፤ ለዐባስ ገብሮ፤ እንደገና ለንጉሡ ሹም ገበረ። ሹሙ ሁሉ አዲስ ነው፤ ቍናው ግን ያው ነው። የታሪክ መጻሕፍት የገዢዎቹን ስም ጽፈውልናል፤ የዚህን ገበሬ ስም ግን አልጻፉልንም።

ድል አድራጊው ንጉሥስ? ዐፄ ገላውዴዎስ ዐዋቂና ደግ ንጉሥ እንደ ነበሩ ይመሰከርላቸዋል። እርሳቸውም ቢሆኑ በመጋቢት ወር 1551 ዓ. ም. ከሐረሩ አሚር ከኑር ኢብን ሙጃሂድ ጋር ሲዋጉ ሞቱ። ባቲ ድል ወንበራን ያገባውና የሐረርን ግንብ የሠራው ኑር ድሉን ይዞ ቢመለስም፤ አገሩን የጠበቀው ረኃብና ሌላ ጦርነት ነበር። እርሱም በ1560 ዓ. ም. ገደማ ሞተ፤ ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል ቈይቶ የአዳል መቀመጫ ከሐረር ወደ አውሳ በረሃ ተዛወረ። ሁለቱ ባላንጣዎች እርስ በርሳቸው ተደካክመው ሁለቱም ወደቁ ማለት ነው።

እነዚህ ሁለት ኀይሎች በባሌ ላይ ሲተናነቁ፤ ሁለቱም ያላሰቡት ሦስተኛ ኀይል ከደቡብ ይመጣ ነበር። የጋሞው መነኵሴ አባ ባሕርይ በ1585 ዓ. ም. ገደማ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ በጻፉት ታሪክ፤ የገላናን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ባሌ የገባው የመልባ ገዳ መሆኑን ይናገራሉ። ይህም በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፤ ከ1514 እስከ 1522 ዓ. ም. ያለው ነው። ቀጥሎ የሙደና ገዳ የዋቤን ወንዝ ተሻገረ። እንግዲህ ዓመቶቹን ብናስተያይ፤ ኢማሙ በሽምብራ ኩሬ ድል ሲያደርጉ መልባ በባሌ ዳርቻ ነበር፤ አዶሌ ባሌን ሲይዝ ሙደና ሥልጣን ይዞ ነበር። ከሙደና በኋላ ኪሎሌ፤ ከኪሎሌ በኋላ ቢፎሌ፤ ከቢፎሌም በኋላ ሚችሌ ተተኩ። እያንዳንዳቸው ስምንት ስምንት ዓመት ናቸው።

አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። ኢማሙ ሞቱ፤ ጦራቸው ተበተነ። የመልባ ስምንት ዓመት ሲፈጸም ግን ሥልጣኑ ለሙደና ተላለፈ እንጂ አልተበተነም። መሪው ቢሞት ወይም ቢሸነፍ ተተኪው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ለዚያም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዘጋጅ ኖሯል። በዚያ ዘመን ዘመቻው ለተዘመተበት ሕዝብ መራራ እንደ ነበር አባ ባሕርይ ራሳቸው ንብረታቸውን አጥተው መስክረዋል። ዳሩ ግን እኒህ መነኵሴ ከምሬታቸው በላይ ከፍ ብለው፤ እኛ ብዙ ስንሆን ስለ ምን ተሸነፍን ብለው በቅንነት ጠየቁ። መልሳቸውም የሚያስደንቅ ነው። የእኛ ሕዝብ በዐሥር ክፍል የተከፈለ ነው፤ መነኵሴው፤ ደብተራው፤ ዳኛው፤ የመኳንንቱ አጃቢ፤ ሽማግሌው፤ ገበሬው፤ ነጋዴው፤ ጠቢቡ፤ አዝማሪው ሁሉ ከጦር ነጻ ነኝ ይላል፤ የሚዋጋው ዐሥረኛው ክፍል ብቻ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ታናሹም ታላቁም ይዋጋል አሉ። የራስን ወገን ጕድለት እንዲህ በግልጥ የመረመረ ጸሓፊ በዚያ ዘመን ማግኘት ቀላል አይደለም።

የአባ ባሕርይን ቃል በዛሬ ቋንቋ ብንተረጕመው እንዲህ ማለት ነው፤ ሕዝቡ «ይህ መንግሥት የእኔ ጕዳይ ነው» የማይልበት አገር፤ ብዙ ሰው እያለው ብቻውን ይቆማል። የቺን 900 ምልምሎችም፤ የባሌው ገበሬም፤ ከወይና ደጋ የተበተነው ወታደርም፤ ሁሉም ያሳዩን ይህንኑ ነው። መንግሥቱ የእነርሱ አልነበረም፤ እነርሱ ግን የመንግሥቱ ነበሩ።

እንግዲህ የፈጣን ሥልጣን ፈጣን ውድቀት ምክንያቱ ምንድን ነው ስንል ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛው፤ ሁሉ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫኑ ነው። ያ ሰው እንደ ኢማም አሕመድ ጀግና፤ እንደ ሺ ኋንግ ዲ ብልኅ ቢሆንም ሟች ነው። ሁለተኛው፤ ተተኪው የሚታወቅበት ሥርዐት አለመኖሩ ነው። ሥርዐት በሌለበት፤ ወይ ጃዎ ጋዎ በጨለማ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ወይ እንደ ዐባስ ያለው ሰው ፍርስራሹን ብቻውን ለመሸከም ይሞክራል። ሦስተኛውና ዋናው፤ ሕዝቡ ከሥልጣኑ የሚያገኘው ዳኝነትና ሰላም ከሚከፍለው ግብርና ድካም ያነሰ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጕድለት በዕድል፤ ሁለተኛውም በብልኀት ለጥቂት ጊዜ ሊሸፈን ይችላል። ሦስተኛውን የሚሸፍን ግን አልተገኘም።

ባሌ ይህን ትምህርት በአዲሱ ዘመንም አይቷል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ. ም. ድረስ በዋቆ ጉቱና በሌሎች መሪነት የባሌ ገበሬና ከብት አርቢ የተነሣው፤ የመሬቱና የግብሩ ነገር ከዐቅሙ በላይ ሆኖበት፤ አቤቱታውንም የሚሰማ አጥቶ ነበር። ያን ዐመፅ ያበረደው መንግሥት ራሱ በ1967 ዓ. ም. መባቻ ላይ ወደቀ። ሰሚ ያጣ አቤቱታ ከጦር ይልቅ የሚያስፈራ መሆኑን ሹማምንት ሁሉ ሊያስቡት ይገባል።

በመጨረሻም፤ ከእነዚያ ኀይሎች ሁሉ በባሌ ምድር ምን ቀረ ብለን እንጠይቅ። የአዶሌ ሰፈር፤ የዐባስ ድንኳን፤ የንጉሡ ሹም አዳራሽ ዛሬ አይታይም። ነገር ግን በድሬ ሼኽ ሁሴን የሼኹ መካነ መቃብር አለ። ከሩቅም ከቅርብም ባላ ያለው በትር የያዘ ምእመን በየዓመቱ ይጓዛል። ሼኽ ሁሴን ጦር አላዘመቱም፤ ግብርም አልጣሉም፤ ስማቸው ግን የገዢዎቹን ስም ሁሉ አልፎ በሕዝቡ ዝየራ ውስጥ ይኖራል። በመዳ ወላቡ የሚወሳው የገዳ ሥርዐትም በ2009 ዓ. ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ተጽፏል፤ በሮቤ የሚገኘውም ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በመዳ ወላቡ ስም ይጠራል። የባሌ ተራሮችም በ2016 ዓ. ም. መስከረም በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ገበሬውም ዛሬ በሮቤ ሜዳ ላይ ስንዴውን ይዘራል።

እነዚህ የቀሩበት ምክንያት አንድ ነው። ሕዝቡ ማንም ሳያስገድደው የራሴ ብሎ ስለ ጠበቃቸው ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው፤ ትንሽ የቀበሌ ሹመት ቢሆን ወይም ታላቅ ወንበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፤ እኔ ነገ ባልኖር ይህን ሥራ የራሴ ብሎ የሚጠብቅልኝ ማን ነው ብሎ ነው። መልሱ «ወታደሬ» ወይም «ዘመዴ» ከሆነ የቺንን ዐሥራ አምስት፤ የኢማሙንም ዐሥራ አራት ዓመት ያስታውስ። መልሱ «የዳኘሁት ሕዝብ» ከሆነ ግን ሥራው ከእርሱ በኋላ ይኖራል።